አሥራ ዘጠኙ የማክሰኞ ሰዎች

ታካሚዎቹ «ላባ» ይሏታል። መርፌዋ ሲገባ አይሰማም፤ ለዚህ ነው። ሌላ ባለሙያ ሲጠራቸው ወረቀት የወደቀባቸው መስለው ያጎነብሳሉ። ላባ ስትጠራ ግን ሁለትና ሦስት ሰው አንድ ላይ ይነሳል።

የምትሠራው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ደም በሚቀዳበት ጠባብ ክፍል ነው። የሚመጡት የቁርጥማት ሕመምተኞች ናቸው። ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ተነስቶ መገጣጠሚያውን የሚበላበት በሽታ ነው። አንዱን ያዳነ መድኃኒት ሌላውን አልጋ ላይ ይጥለዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት ተጀመረ፤ መቶ ሃያ ሰው ደም ሰጠ፤ ላባ ቀዳች።

የደሙን ውጤት የሚመረምረው ወጣት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በቀጫጭን መስመሮች የተያያዙ ነጠብጣቦች የሞሉበት ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። ሠራተኛው «ሸረሪት» አለው፤ እሱም አልተቀየመም። ረጅምና ቀጭን ነው፤ እጀታው ሁልጊዜ ከክንዱ ያጥራል።

መጀመሪያ የመጣው የታካሚዎቹን ቅጽ ሊወስድ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ቅጹን ተቀበለ፤ ግን አልሄደም።

«ምን ልጨምርልህ?» አለችው።

«ምንም። ቁጥራቸውን ሳታዪ ነው ቱቦዎቹን የምትደረድሪው። ገርሞኝ ነው።»

«ቁጥር አልይዝም። የማስታውሰው ሰውየውን ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰዎቹን አይቻቸው አላውቅም። የሚደርሰኝ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ታድለሃል፤ አይነጫነጩብህም። ለመሆኑ ግድግዳህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

በሩን ተደግፎ ማስረዳት ጀመረ።

«ነጠብጣቦቹ በሰውነት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። መስመሩ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያሳያል። ድሮ ሐኪም አንድ ጥፋተኛ ነበር የሚፈልገው። እንዲህ ያለ በሽታ ግን የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የሰፈር ጠብ ነው። አንዱ ነገር ያቀብላል፣ ሌላው ያቀጣጥላል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ በር ይከፍታል። ሰፈሩን በሙሉ ካላየሽ ጠቡን አታበርጂውም።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በለኛ!»

«እንደሱ ነው። እኔ የምፈልገው ድሩ የቱ ጋ ቢበጠስ አንበሳው እንደሚፈታ ነው።»

«ዞሮ ዞሮ ሥራህ ነገረኛ ማደን ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ላባ ይህን አየች፤ ማየቷን ግን ደበቀች።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ሲደርስ የማይመጣበት ጊዜ የለም። የሚያወሩት ተራ ነገር ነው። የእናቱን የልብስ ስፌት መኪና፤ እሷ አሳንሰር ስለምትፈራ በደረጃ የምትወጣ መሆኗን፤ ቆሞ የሚበላ ሰው ርቦት ነው ወይስ ቸኩሎ የሚለውን። አንዳንዴም ዝም ይላሉ። ዝምታው ከወሬው ይረዝማል።

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ደንብ ተለጥፏል። «የተቀዳ ደም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማዞሪያው መሣሪያ ውስጥ ይግባ» ይላል። ከደንቡ ሥር የቱቦዎቹ መደርደሪያ ተቀምጧል።

ጥናቱ በተጀመረ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ጧት፣ ሸረሪት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። እጁ ላይ ወረቀት አለ።

«ተገኘ!» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከመቶ ሃያው ተለይተው ለብቻቸው ቆሙ። ፕሮቲኖቻቸው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። እነዚህ ሰዎች በሽታቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ የከፋ ዓይነት። የጥናቱ ኃላፊዋም አይተውታል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ወደ ኃይለኛው መድኃኒት ይዛወራሉ።»

«ያ ሌላ በሽታ የሚጋብዘው?»

«እሱው። ግን የነሱ እሳት በሌላ አይጠፋም። እይው እስቲ፣ አንቺ ባትቀጂው ኖሮ ይኼ ሁሉ የለም!»

ወረቀቱን ትቶላት ሮጠ። እንደ ልጅ ደስ ብሎታል።

ላባ ቁጥሮቹን አነበበች። ቁጥር አትይዝም፤ ሰው ግን ትይዛለች። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፤ የስፌት መኪናው ቀን። አርባ አንድና አርባ ሁለት፤ አሳንሰሩን ስትነግረው እስከ ፎቅ አብሯት በእግሩ የወጣበት ቀን። ስልሳ ስምንት ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ የእሳቸው ደም የተቀዳ ዕለት ሁለቱም ምንም አላወሩም፤ ዝም ብለው ነው የቆሙት። እነዚያን ማክሰኞዎች አንድ በአንድ በልቧ ይዛቸዋለች። አሥራ ዘጠኙም እዚያ ውስጥ ነበሩ።

መዝገቡን ገለጠች። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ መሣሪያው ውስጥ የገባበት ሰዓት፤ ሁሉም በእጇ ተጽፏል። አልዋሸችም። የጻፈችውን ግን መልሶ ያነበበ የለም፤ እሷም ጭምር። ያ ዓምድ ወደ ሸረሪት ኮምፒውተር አልገባም ነበር።

ከክንድ የወጣ ደም ቱቦ ውስጥም ሕይወት አለው። ብዙ ሲቆም ይሸበራል። ሸረሪት የሰማው ጩኸት የበሽታው አልነበረም፤ የቆመው ደም ነበር።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ብትናገር ከሥራዋ ልትባረር ትችላለች፤ እናቷ ደግሞ ከእሷ ሌላ ጧሪ የላትም። ከዚህም ይብስ የሚያስጨንቃት ያ ደረጃ ሲዘል ያየችው ፊት ነው። በሌላ በኩል ሹፌሩ አሉ። የማያስፈልጋቸውን መርዝ ሊውጡ ነው።

በምሳ ሰዓት ደረጃውን ወጣች።

«የማክሰኞ ሰዎች ናቸው» አለችው።

«እነማን?»

«አሥራ ዘጠኙ። እኔና አንተ ስናወራ ደማቸው ቆሞ ነበር።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ስንት ደቂቃ?»

«ትንሹ ሃምሳ። ትልቁ ሰማንያ አምስት።»

መዝገቡን አስቀመጠችለት። ጣቱን በዓምዱ ላይ እየጎተተ እስከ ታች ወረደ።

«ብቻዬን ተይኝ» አለ።

ወረደች። ያደረገችውንም ሁሉ ያን ዕለት በአንድ ገጽ ጽፋ ለኃላፊዋ ላከች። ሸረሪት አልመጣም። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። «እውነቱን ሸሽጌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ይሆን?» ብላ ራሷን ጠየቀች። አይሻልም ነበር። ግን አለቀሰች።

በአራተኛው ቀን ተጠራች። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ሸረሪት ጥጉ ላይ ቆሟል፤ ጺሙ አድጓል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር» አለች ላባ።

«የኔ ነው» አለ ሸረሪት። «በር ላይ የገተርኳት እኔ ነኝ። የሰዓቱን ዓምድ የተውኩትም እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም እንደገና አሰላሁት። ሰዓቱ ሲገባ አሥራ ዘጠኙ ይበተናሉ። እሷ ባትናገር ኖሮ ሰው እንጎዳ ነበር።»

ላባ ቀና ብላ አየችው። ሦስቱን ቀን የት እንደነበረ አሁን ገባት።

«አትሻሙ» አሉ ኃላፊዋ። «ጥፋቱ ለሁለታችሁም ይተርፋል። እስቲ ንገሩኝ፤ ሰማንያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር?»

«ስለ ፕሮቲን» አለ ሸረሪት።

«ስለ ፕሮቲን ብቻ?»

«ስለ ስፌት መኪናም» አለች ላባ፣ አንገቷን ደፍታ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውርደው ጠረጉት። ሳይቆሽሽ ነው የጠረጉት።

«ሥራሽን አላስለቅቅሽም፤ እውነት የሚጽፍ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ግን አሥራ ዘጠኙን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ፣ ያደረጋችሁትን ነግራችሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ ደማቸው እንደገና ይቀዳል። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። በእግር።»

ሄዱ። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ሁለት ሦስት ቤት ያዳርሳሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ሰደበቻቸው፤ ሰድባም ወንበር አቀረበችላቸው። አንድ መምህር ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ሸረሪት ቁጥር የሚላቸውን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አያቸው። የበር እጀታ በክንዳቸው የሚከፍቱ፣ ብርጭቆ በሁለት መዳፍ የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

መጨረሻ ላይ የሹፌሩ ቤት ደረሱ። አዛውንቱ ሁሉንም አዳመጡ።

«እኔ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ» አሉ። «ከራሴ በላይ ‹ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። የሰማው ሰው የለም።»

«ታዲያ ተጋጭተው ያውቃሉ፣ አባባ?» አለ ሸረሪት።

«አንዴ ብቻ፤ ከግንብ ጋር። ስታናግረኝ የነበረችው ሴት አሁን ጓዳ ውስጥ ናት፤ ቀስ ብላችሁ አውሩ።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ድምፅ ከጓዳ።

አዛውንቱ እጃቸውን ለላባ ዘረጉላት። «ነይ ቅጂ። ዛሬውኑ።»

«ዛሬ መርፌ አልያዝኩም፣ አባባ። ነገ ጧት ይምጡ።»

አሥራ ዘጠኙም መጡ። ላባ ቀዳች፤ ደሙ በአሥር ደቂቃ መሣሪያው ውስጥ ገባ። በአዲሱ ወረቀት ላይ ያ ጩኸት የለም። ሸረሪት አላዘነም ቢባል ውሸት ነው። ጩኸቱ ጸጥ ሲል ግን በፊት ያልታየ ትንሽ ነገር ብቅ አለ። በመስመር የማይገናኙ ሁለት የፕሮቲን ሰፈሮች አሉ፤ በመካከላቸው አንድ ወሬ አመላላሽ ፕሮቲን ብቻ ይመላለሳል፤ ቀጭን፣ ማንም ያላስተዋለው። እሱን ዝም የሚያሰኝ ክኒን ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ለሌላ ሕመም ሲሰጥ ኖሯል። ኃላፊዋ በጥንቃቄ፣ በፈቃደኞች ላይ አስሞከሩት። ሁሉንም አላዳነም። ከግማሽ የሚበልጡት ግን በሦስተኛው ወር ጧት ጧት ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ይህ የተሰማ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሸረሪት የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወደ ክፍሏ አልወረደም፤ ያንን ልማድ ትቷል።

«አሥራ ዘጠኝ ደጅ ረግጠናል» አላት። «ሃያኛው ቀርቶናል።»

«አሥራ ዘጠኝ ናቸው። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ይኼ መዝገብሽ ላይ የለም። የእናትሽ ደጅ ነው።»

«እናቴን ምን በድለሃታል?»

«እስካሁን ምንም። ልበድላት አስቤ ነው። ልጇን ልወስድባት።»

ይህን ሲል ዓይኑን መሬት ላይ አልጣለም። ላባ ያንን አየች፤ ማየቷንም አልደበቀችም። መኪኖች አለፉ። አንድ ነርስ ሰላም ብላቸው ገባች፤ መልስ የሰጣት የለም።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ናት» አለችው።

መልሱ እንዳያንስበት ብላ ደግሞ እጁን ያዘችው።