ወደ ቀኝ የዞረው ሶኬት

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በሁለት መደርደሪያ መሃል ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም፤ የማሽኑን ነገር የማወራችሁ እኔ እንደገባኝ ነውና ታገሱኝ። የፍቅሩን ግን ለማንም አልተውም።

ለሐኪም ቤቶች ወረፋ የሚያሳዩ ስክሪኖች የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ቤት እሠራ ነበር። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሉኝ። አንድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች እኩል በሬ ላይ ደረሱ። አንደኛዋ ስክሪኑን የሚያሠራውን ቦርድ የምትነድፈውና የምትበይደው ልጅ ናት፤ ባለ ብየዳዋ እንላታለን። ሌላው አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚገባውን ጽሑፍ ይጽፋል፤ በግራ እጁ ስለሚሠራ በሳምንቱ «ግራኙ» ተብሏል። ሁለቱም የፈለጉት ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ ነው። የቀረኝ ደግሞ አንድ ብቻ።

«አንቺ ውሰጂው» አላት።

«ኧረ አንተ ውሰደው።»

«አይሆንም፣ አንቺ ቀድመሻል።»

«እኩል ነው የገባነው፤ እትዬ ምስክር ናቸው።»

«ስሙኝማ» አልኳቸው፣ «እናንተ ስትግደረደሩ እኔ እዚህ ቆሜ ላርጅ? አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና በየተራ ተጠቀሙበት።»

ሳቁና ተቀመጡ። በማግስቱ ገመድ በካርቶን ሙሉ መጣ፤ ከዚያ ጠረጴዛ የተነሳ ግን የለም።

ታዲያ ገመዱ ከቦርዱ የሚወጣው በግራ በኩል ነበር። ግራኙ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይነካውና ስክሪኑ ድርግም ይላል። «ግራኙ መብራት አጠፋ!» እያሉ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ባለ ብየዳዋ ብቻ አትስቅም። እጁን ታያለች። ቀና ሲል ዓይኗን ትሰብራለች።

አንድ ከሰዓት ምን እንደሚጽፍ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ ከርነል የሚባል አለ፤ የኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ በሉት። ግን ዓይን የለውም። ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ በጽሑፍ ካልነገርነው፣ ስክሪኑ አፍንጫው ሥር ተሰክቶም ‹የለም› ነው የሚለው።»

«ታዲያ አንዴ ነግረኸው አትገላገልም?»

«አንዴ አይበቃም። ቦርዱ ሁለት የገመድ መውጫ አለው፤ በጽሑፉ ውስጥ ከቦርዱ ስም ሥር ‹ይሄ መውጫ ከስክሪኑ ጋር ነው› ተብሎ ይጻፋል። ከስክሪኑ ስም ሥር ደግሞ ‹እኔም ከዚያ መውጫ ጋር ነኝ›። አንዱ ብሎ ሌላው ዝም ካለ ግንኙነት የለም።»

«እንደ ጋብቻ ፊርማ ነዋ!»

ግራኙ አንገቱን ደፋ። ባለ ብየዳዋ ማዶ ሆና ብየዳዋን የምትመረምር መስላ ጎንበስ አለች። እኔ ደግሞ ሞኝ መስዬ ወደ መደርደሪያዬ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ አዲስ ቦርድ ልነድፍ ነው ብላ ገመዱ የሚሰካበት፣ ፊቱ ወደ ቀኝ የዞረ ሶኬት ከእኔ ወሰደች። «ለምን ወደ ቀኝ?» ብላት «እንዲሁ ነው እትዬ፣ ይሻላል» አለች። እንዲሁ አልነበረም፤ ግን ምን አገባኝ።

አዲሱ ቦርድ ደረሰ። ግራኙ ስክሪኑን ሰካ፤ ጨለማ። በማግስቱም ጨለማ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ሰው ሁሉ እየሰማ «ጽሑፉን አሥሬ አይቼዋለሁ፤ ችግሩ ብየዳው ላይ ነው» አለ።

ልጅቷ ማጉያ መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዷን ነጥብ እስኪመሽ አየች። አንዷም እንከን አልነበራትም።

ሲመሽ ዕቃ ቤት መጣችና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ለካ በሌላ ከተማ ያለው ታላቅ ወንድሟ ሱቁ ውስጥ ስልክ እንድትሸጥለት ይጠራታል፤ ነገ አርብ መልስ ይፈልጋል።

«እሄዳለሁ እትዬ።»

«ሥራሽን ትተሽ? ልብሽስ ምን ይላል?»

«ልቤን ማን ጠየቀውና?» አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም።

ልጆቼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ግራኙ ገና ሳልከፍት በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ሌላ ገመድ ይስጡኝ።»

«ገመዱ ምን በደለህ?»

«እኔ እንጃ። ሶኬቱን ለምን ወደ ቀኝ እንዳዞረችው ራሱ አልገባኝም።»

«አንተ ልጅ! በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»

እጁን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ እንደገና እጁን። ገመዱን ሳይወስድ ሄደ።

ተከተልኩት፤ ምን ልደብቃችሁ። የአዲሱን ቦርድ ንድፍ ከመሳቢያ አወጣ። ጽሑፉን የጻፈው የድሮውን ንድፍ አይቶ ነበር፤ ሶኬቱ ቦታ ብቻ የቀየረ መስሎት አዲሱን ገልጦ አላየውም። ጥጉ ላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ስክሪኑ ወደ ሁለተኛው መውጫ ተዛውሯል፤ ለግራ እጅ እንዲመች።»

ጽሑፉ ውስጥ ያለው ግን አሁንም አንደኛው መውጫ ነበር፤ አዛዡ ስክሪኑን የሚፈልገው በሌለበት ቦታ ነዋ።

ልጅቷ ስትገባ ተነሥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ እየሰማ እንደወቀሳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ብየዳሽ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ንድፉን አየኸው?» አለች ቀስ ብላ።

«ጥጉን ጭምር።»

ወንበሯን ሳበላት። «በቦርዱ በኩል ያለውን አስተካክዬዋለሁ። በስክሪኑ በኩል ያለውን አንቺ ጻፊው።»

ጻፈች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ስክሪኑ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ «ተራ ቁጥር 1» የሚል ጽሑፍ ቦግ ብሎ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ። ሁለቱ ግን ስክሪኑን አላዩትም።

ጓደኞቻቸው ሲበተኑ «እንዳትሄጂ» አላት።

«መሄዴን ማን ነገረህ?»

«እትዬ ናቸዋ፤ በሩ ላይ።»

እውነቱን ነው፣ ጠዋት ገመድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እግረ መንገዴን ጣል አድርጌለት ነበር።

«ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ብየዳዬን ወቅሰህ?»

«እሱን ይቅርታ ጠይቄሻለሁ። ይሄ ሌላ ነው። እወድሻለሁ፤ ገመዱን ‹አንቺ ውሰጂው›፣ ‹አንተ ውሰደው› ከተባባልንባት ቀን ጀምሮ።»

ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አልመጣም… አይ፣ ደህና ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ… አዎ፣ ሰውም አለ።» ግራኙን አየችው፤ ሳቋ መጣ። «ምን ዓይነት ሰው? ንድፍ አይቶ የማይጨርስ!»

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸው ስሄድ ያ ንድፍ በክፈፍ ተሰቅሎ አየዋለሁ፤ ማዕድ ላይ እሷ ሁልጊዜ በቀኙ ትቀመጣለች፣ እጁ እንዳይጋፋት።

ያችን የመጀመሪያዋን ገመድስ? እስከ ዛሬ መልሱልኝ ብዬ አላውቅም።