የዙሪክ ስንቅ

ፀጋዬ፣ ጋርላንድ ከተማ ባለው አፓርታማው ወጥ ቤት ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ቀኝ እጁ ግማሽ ጭኮ ጨብጧል። የአስከሬኑ ምርመራ ሳያልቅ ሰው ፈርዶ ጨረሰ፦ ለዙሪክ ጉዞው ከሰነቀው የተረፈ ጭኮ አነቀው፣ ሲወድቅ ባንኮኒው መታው፣ ቆጣቢነቱ ገደለው። ጭኮውን የሠራችው እህቱ ሸዋረገድ ለቅሶ ላይ እንኳ የሚጠጋት አጣች።

አባይነሽን የጠራቻት እሷ ናት። አባይነሽ አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የጸዱ ክፍሎችን ትፈትሻለች። እዚህ አገር ሰው የሚለካው በያዘው መጥረጊያ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ፀጋዬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ያልተነካ የበሶ ጣሳ አየች። ፍሪጁን ከፈተች፤ ታች በፌስታል የተጠቀለለ እንቁላል አለ። የእኔ ነው አለ ደባሉ ይርጉ፣ ጴንጤ ነው፣ ኤርፖርት ይሠራል።

«ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ እደብቅለታለሁ። ማለቴ፣ ማየቱንም አይወድም።»

የጠፋ ነገር እንዳለ ሸዋረገድን ጠየቀቻት። ደብተሩ የለም አለች፤ ዙሪክን በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንዳያት ቀን በቀን የጻፈበት። ቅዳሜ ለእድሩ ሊያነብ ነበር፤ ከእሷ በቀር ያየውም የሰማውም የለም።

ሕዝቅያስ የእድሩ አባል ነው፤ ሰው በስድስት ሺህ ዶላር ዙሪክ የሚወስድ አስጎብኚ። በርገሩን እየገመጠ አባይነሽን ተቀበላት። ፀጋዬን ከተመለሰ ወዲህ አላየሁትም አለ።

«አሥራ ሁለት አልጋ ባለው ክፍል አድሮ፣ ሐይቅ ዳር በሶ በጥብጦ ዙሪክን አየሁ ይላል? እትዬ፣ ይሄ መሰደድ እንጂ መጎብኘት አይደለም።»

ቅዳሜ እድሩ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር አንድ አዳራሽ ተሰበሰበ። አባይነሽ ተነሳች።

«ፀጋዬ ጭኮ አልበላም። ጭኮ ቅቤ ነው፤ እሱ የሞተው በፍልሰታ አራተኛ ቀን። በሶው እያለለት ጾም አይገድፍም። ጭኮውን ያስጨበጠው ሌላ ሰው ነው። ሸዋረገድ አብራው ትጾማለች። ይርጉ እንቁላል የሚደብቅለት ሰው ነው፣ ጾሙን አይረሳም። የረሳው አንድ ሰው ነው።»

ሕዝቅያስ ፈገግ አለ። «እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ እኮ።»

«በርገር በእጅህ ይዘህ ነው ያነጋገርከኝ። እሱስ ይሁን። አሥራ ሁለቱን አልጋ ማን ነገረህ? ከተመለሰ ወዲህ አላየሁትም ብለኸኛል፤ ነገሩ ያለው ደግሞ ሸዋረገድ ብቻ ባየችው ደብተር ውስጥ ነው።»

ሕዝቅያስ አንገቱን ደፋ።

«ለዙሪክ አርባ ሰው መዝግቤያለሁ። አታንብበው ብዬ ለመንኩት። ድሃም ዙሪክን ያያል ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ደብተሩ መኪናዬ ውስጥ ነው።»

ፖሊስ እስኪደርስ አባይነሽ የሆቴል ጓንቷን አጥልቃ ደብተሩን አመጣችና ገጹን ለሸዋረገድ ገለጠችላት። ሸዋረገድ ከአንደኛው ቀን እስከ አምስተኛው ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ የቱ አደባባይ ውሃ በነጻ እንደሚቀዳ፣ የቱ ቤተ መዘክር በምን ቀን እንደማያስከፍል። ስትጨርስ ለቅሶ ላይ የሸሿትን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጾሙ ሲፈታ ጭኮ እሠራለሁ» አለች። «ዙሪክ የሚሄድ ካለ እኔ ጋ ይመዝገብ።»

መጀመሪያ የተነሳው የይርጉ እጅ ነው።