ዳገት ላይ የዘለለው ሰንሰለት

«ይኸው፣ ራስህ እየው!» አለ አሠልጣኙ። «ምን ጎደለው?»

መካኒኩ መቆሚያው ላይ የተንጠለጠለውን የተራራ ብስክሌት ፔዳል በእጁ አሽከረከረ። ማርሹን አንድ በአንድ ቀያየረው። ሰንሰለቱ ከትልቁ ጥርስ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ያለ አንዳች ኮሽታ ተንሸራተተ።

«አልኩህ እኮ! ጥፋቱ የልጅቷ ነው። ዳገት ላይ በሙሉ ኃይሏ እየረገጠች ማርሽ ስትቀይር ተከሰከሰች። ስንቴ ነግሬያታለሁ! በቃ፣ ከቡድኑ ወጥታለች። ነገ ብስክሌቱን ለቡድኑ ትንሿ ልጅ እሰጣታለሁ።»

የመካኒኩ ልጅ ጥግ ይዛ በእጇ ያለውን የዘይት ጨርቅ ትጨምቃለች። የተከሰከሰችው የልብ ጓደኛዋ ናት። ትናንት ሆስፒታል ሄዳ አይታታለች። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል። መናገር ስላልቻለች ደብተር ላይ ጻፈችላት፦ «ማርሽ አልቀየርኩም። አንቺስ ታምኚኛለሽ?»

«አምንሻለሁ» አለቻት። ለምን እንደምታምናት ግን አልነገረቻትም።

ባለፈው ሳምንት ብስክሌቱ ላይ አዲሱን ሰንሰለት የገጠመችው ራሷ ነበረች። አባቷ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ፣ «የኋላውን ጥርስ ሳታዪ እንዳትገጥሚ። አሮጌው ሰንሰለት በልቶት ከሆነ አዲሱ አይነክስም፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ» ብሏት ነበር። አይታዋለች። መሐል ላይ ያሉት ጥርሶች እንደ መርፌ ሾለዋል። ጓደኛዋ ግን በሩ ላይ ቆማ ትነዘንዛታለች፦

«ኧረ ፍጠኚ በናትሽ! ልምምዱ ሊያመልጠኝ ነው። እንደ አሮጊት ተንቀረፈፍሽ እኮ!»

በእጇ ስታሽከረክረው እንደ ቅቤ ሄደላት። «በይ ብረሪ!» ብላ ሰጠቻት። አባቷ ተመልሶ ሲጠይቃትም፣ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» አለችው።

አሁን አሠልጣኙ ብስክሌቱን ከመቆሚያው ሊያወርድ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ጋሼ» አለች የመካኒኩ ልጅ ከጥጉ ወጥታ። ማርሹን ወደ መሐሉ ጥርስ አመጣችው። «አባዬ፣ የኋላ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገህ ያዝልኝ። በእጅ ሲዞርማ አይታወቅም።»

አባቷ ግራ እየተጋባ ያዘላት። ሁለት እጆቿን ፔዳሉ ላይ ጭና በመላ ክብደቷ ተጫነችው። ቀጭ! ሰንሰለቱ ዘለለ፤ ፔዳሉ ከዳት፤ በጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም።

አባቷ ጎንበስ ብሎ የሾሉትን ጥርሶች በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል።

«ማን ነው ይህን የገጠመው?» አለ አሠልጣኙ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ።

«አንተ? ይህን ሁሉ ዓመት አምኜህ? ልጅቷን እኮ ልትገድላት ነበር!»

አባቷ አንገቱን ደፋ። እሷ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«እሱ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ከወለሉ እየተነሳች። «እኔ ነኝ። መሾሉን እያየሁ ነው የሰጠኋት።»

«ግቢ ወደ ቤት!» ብሎ ጮኸ አባቷ፤ ጩኸቱ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም።

ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ቤት የሚያስገባውን በር አልፋ ወደ ጎዳናው ወጣች። የሆስፒታሉ የጥየቃ ሰዓት ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ፈጠን ካለች ትደርሳለች።