የአሮጊቷ ውሃ

ውሃው ጠፍቷል።

ሻምበል የራዲያተሩን ክዳን ይዘው ጎንበስ አሉ። ትናንት አፉ ድረስ የሞሉት ራዲያተር ባዶ ነው። መኪናዋ ሥር ያነጠፉት ካርቶን ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለበትም።

ሻምበል ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው። መኪናዋን ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይላታል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን በእሷ ትምህርት ቤት ሊያደርሱ ለሴት ልጃቸው ቃል ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ውሃው በየጠዋቱ ይጠፋል። ሻምበል ደግሞ ውሃ ሳያዩ ሞተር አስነስተው አያውቁም፤ ምንጩ ያልታወቀ ፍሳሽ ይዘው ሕፃን አያሳፍሩም። ነገ ሰኞ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መኪናዋን የሚጠግነው መካኒክ ነበር። ሻምበል ጋራዡ ድረስ ሄደው አፋጠጡት። እሱ ግን አልተቀየመም። ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን አየ፤ የዘይቱን መለኪያ መዞ አሳያቸው። የሞተሩን ውሃና ዘይት የሚለየው ጋስኬት ተቃጥሎ ቢሆን ጭሱ ነጭ፣ ዘይቱም ወተት የነካው ሻይ ይመስል ነበር አላቸው። የውሃ ማስተላለፊያ ጎማዎቹ አልተሰነጠቁም። ፓምፑ ደህና ነው። የሙቀቱ መርፌም ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

«ሻምበል፣ አሮጊቷ ስትሄድ አይደለም የምትጠማው፤ ስትቆም ነው» አለ መካኒኩ። «ይሄ በሽታ አይደለም። ሌባ ነው።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አማቻቸው ነበር። ይህን ቆርቆሮ ሽጠው ይገላገሉ እያለ ሲጨቀጭቃቸው ከርሟል። ግን ለሥራ ከከተማ ከወጣ ሰንብቷል። ሻምበል በልባቸው አስረውት የነበረውን አማች ቅር እያላቸው ፈቱት።

ወደ መኪናዋ ተመለሱ። ኮፈኑን ከፍተው፣ ዓይናቸው ጥቃቅን ነገር አልይዝ ስላለ፣ በጣታቸው ዳሰሱ። ባትሪው አቧራ ነው። ቺንጋ የሚባለው የሞተሩ ቀበቶም አቧራ። ከራዲያተሩ ግርጌ ያለችው የውሃ ማፍሰሻ ግን፣ እሳቸው ነክተዋት ባያውቁም፣ እንደ ድስት ክዳን ተወልውላለች።

የሚሰርቀውን የሚወለውል ሌባ የለም። አንድ ነገር ከመክፈቷ በፊት ካልወለወለች እጇን የሚያሳክካት ሴት ግን ሻምበል ያውቃሉ። አብረዋት አርጅተዋል።

ባለቤታቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጣጥፋሉ። ሻምበል በሩ ላይ ቆሙ።

«ውሃውን የት ነው የምትደፊው?»

የሴትየዋ እጅ ቆመ። «ቦዩ ውስጥ።»

«ግብረ አበር አለሽ?»

«ሳፋዬ።»

«ምክንያትሽስ?»

ባለቤታቸው ያጣጠፉትን ሸሚዝ ፈትተው እንደገና አጣጠፉት።

«ያን ቀን ከገበያ ስንመለስ ቀዩ መብራት ላይ አልቆምክም። አንዲት እናት የምትሻገር ልጇን ጎትታ ባታወጣት ኖሮ አልቆልን ነበር። አንተ እያፏጨህ ነበር።»

«ያኔውኑ አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ መብራቱ ተበላሽቷል ነበር የምትለው። ጎማዋን ልወጋ አስቤም አሳዘነችኝ። ውሃዋ ባልታወቀ ምክንያት ከጠፋ ግን የልጅ ልጃችንን እንደማታሳፍርባት አውቃለሁ።»

ሻምበል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መንገዱን አስታወሱ፤ የገበያውን ቅርጫት አስታወሱ፤ ያፏጩትን ዜማ ሳይቀር አስታወሱ። እናቲቱ ግን ትዝ አላለቻቸውም። ልጅቷም።

«ቀይ ነበር?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ባለቤታቸው ጠጋ ብለው የሻምበልን ትከሻ በራሳቸው ትከሻ ነካ አደረጉ።

ሻምበል ስልኩን አንስተው ለልጃቸው ደወሉ። መኪናዋ እርጅና እንደተጫናት፣ መካኒኩም በሽታዋን እንዳላገኘው፣ ትንሿን ከነገ ጀምሮ እጇን ይዘው በእግር እንደሚያደርሷት ነገሯት። መንገዱም ቢሆን ቅርብ ነው አሉ።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤታቸው በጎን አዩአቸው።

«ስንቱን ሌባ አስረህ፣ እኔን በውሸት ትሸሽገኛለህ?»

«ያሰርኳቸው ጥፋተኞች ነበሩ» አሉ ሻምበል። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው የባለቤታቸው እጅ ላይ አኖሩ።