በፎርሙ ላይ የሌለችው ወር

የጳጉሜን ሦስት ለት ጠዋት ናሁሰናይ እንደ ወትሮው ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። እሱ በሚሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት ደንበኛ ሥራ ሲያዝ ፎርም ይሞላል፤ የተሞላው የሰው እጅ ሳይነካው ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ይሄን የሠራው ናሁሰናይ ነው። ድሮ ትዕዛዙን ሁሉ በሰማያዊ መዝገብ የሚጽፉት እትዬ የሺመቤት ነበሩ።

ውጭ የሩፋኤል ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሠራተኛው ግቢ ወጥቶ ይጠመቃል።

"ናሁ፣ ና እንጂ" አለችው ትርሲት ከበሩ፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ። "ያንተን ኃጢአት እንኳ አንድ ዝናብ አይበቃውም።"

"የኔንም አንቺው ተጠመቂልኝ።"

ስቃ ሄደች። ወዲያው አዲስ ትዕዛዝ መጣ። አዛዥ፦ የሺመቤት። ሥራው፦ የሐዘን ማስታወቂያ። የሚደርስበት ቀን፦ ጳጉሜን 3። ከሥሩ በቀይ፦ ቀኑ አይታወቅም፤ ትዕዛዙ አልገባም።

ፎርሙን ሲሠራ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ደርድሮ ጳጉሜን ረስቷት ነበር። አምና የአንድ ትልቅ ደንበኛ ትዕዛዝ በዚሁ ጠፋ፤ ሥራ አስኪያጁ ሲቆጡ "መዝገብ ላይ እንዲጽፉት ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር፣ እሳቸው ናቸው የጣሉት" አለ። ጥፋቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ፎርሙንም ሳያርመው ቀረ። ሴትዮዋ በሩፋኤል ቢምሉ የሚሰማቸው አጡ። ተባረሩ፤ መስቀልን ሳያዩ ሞቱ። የወጡ ለት በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ፈራጁ እሱ ነው። እኔ ግን መዝገቤን ሳልዘጋ አልቀርም" ብለውት ነበር።

ትዕዛዙን አጠፋው። ተመልሶ መጣ። ደግሞ አጠፋው፤ ሲመለስ "የሟች ስም" የሚለው ቦታ ላይ "ና" የምትል ፊደል ነበረች፣ ቀጥሎ "ሁ"፣ እያንዳንዷ ፊደል ስትወጣ ወረቀት በሌለበት ክፍል ውስጥ እስክርቢቶ ወረቀት ሲጭር ይሰማል፣ ዝናብ የመታው ነጠላ ሽታም ከበሩ ወዲህ ቀስ እያለ ይቀርባል።

ትርሲትን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ግን ምን ይበላት? ጳጉሜን ማን እንደረሳት ሊናገር ነው። ዋጠው። ሰው ሳያይ ወሯን ብጨምራት ቀዩ ይጠፋል ብሎ አሰበና አሥራ ሦስተኛዋን ጨመራት።

ቀዩ ጠፋ። ጭረቱም ቆመ።

"ተመስገን" አለ።

በቦታው እሱ ራሱ ፎርሙን ሲሠራ የጻፈው መልእክት ወጣ፦ ትዕዛዝዎ ገብቷል።

እርጥብ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ፤ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ምነው እስካሁን ሳትከፍትልኝ?"