በታላቋ ላይ ያለው አረንጓዴ በር

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ወደቡ በሰውና በጋሪ የተጨናነቀበት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ደክሞኝ ይሆን? ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን? ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ፈለግሁለት። ለአብዛኛውም አገኘሁለት።

ለመጨረሻው ግን...

ቆይ፣ ከሥራዬ ልጀምር።

የምሠራው ሀብታሞችን በባሕር ላይ በሚያዝናና የመርከብ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ የሚኮራባት አንዲት መርከብ ነበረችው። ደንበኞቿ በየዓመቱ ይመለሱባታል፤ አንዳንዶቹ ከቤታቸው ይልቅ እሷን ያውቃሉ። ሁለተኛ መርከብ ሲያሠራ ታዲያ አዲስ ነገር አላማረውም። ያችኑ ደግሞ አሠራ። ቁመቷን፣ ወርዷን፣ ምንጣፏን፣ የበሮቿን እጀታ ሳይቀር። እህትማማች መርከቦች ይባላሉ። እኛ ሠራተኞቹ "ታላቋ" እና "ታናሿ" እንላቸዋለን።

የድርጅቱ ትምክህት ምን መሰላችሁ? "በታላቋ የተኛ እንግዳ፣ በታናሿ ዓይኑን ጨፍኖ መብራት ያጠፋል" ይላሉ።

ይህ እውነት መሆኑን የማረጋግጠው እኔ ነኝ።

ሁለቱ መርከቦች አንድ ወደብ ላይ ሲገናኙ አንድ ሰው ታላቋ ላይ፣ አንድ ሰው ታናሿ ላይ ይወጣል። ስልክ ይከፈታል። ከአንድ ዓይነት ቦታ ተነስተው እኩል ይራመዳሉ። አንዱ ያየውን ይጠራል፤ ሌላውም ካየው "አለ" ይላል። ካላየው "የለም"። "የለም" ከተባለ ሁለቱም ባሉበት ይቆማሉ።

አንድ ልማድም አለን። "አለ፣ አለ" ሲበዛ ሰው ይሰለቻል፤ ሳያይ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ጠሪው አልፎ አልፎ የሌለ ነገር ፈጥሮ ይጠራል። "ወጥመድ" እንለዋለን። ወጥመድ ውስጥ የገባ ምሳ ይጋብዛል።

የዚያን ቀን ታላቋ ላይ የወጣው ወንድሜ ነበር፤ ታናሿ ላይ ደግሞ እኔ።

ታላቄ ነው። የመርከቧ አናጺ። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔን ኮሌጅ ያስገባኝ በመጋዝና በመዶሻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት አልገባም። ታላቋ አሥር ሰዓት ላይ ለእድሳት ወደ ሩቅ አገር ትነሳለች፤ እሱ ግን አይሄድም። ሥራውን ለቋል። ሻንጣውን ጠዋት አውርዶ ወደቡ ላይ ጥበቃው ዘንድ አስቀምጦታል። ይህችን ሥራ ጨርሰን አብረን ወደ ቤት ልንገባ ነው።

እናታችን ጠዋት ደውላ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እሱን ሳትይዝ እንዳትመጣብኝ።"

"ሰማኸኝ ጋሼ?" አልኩ በስልኩ።

"ሰማሁህ ፕሮፌሰሩ። ጀምር እንጂ፣ ሆዴ እየጮኸ ነው።"

ጀመርን።

"ደረጃው ሥር የእሳት ማጥፊያ።"

"አለ።"

"ከጎኑ መስታወት።"

"አለ። ውስጡም አንድ መልከ መልካም ሰው አለ።"

"እሱ እንኳ እዚህ የለም።"

"በል ታናሿ ጎደለባት!"

የእንግዶቹን ክፍሎች እንዲህ እየተሳሳቅን ጨረስን። ከዚያ ወደ ታች ወረድን። የሠራተኞች መተላለፊያ ነው። ጠባብ፣ ነጭ፣ መስኮት የሌለው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ባሕር ነው።

እዚያ ስንደርስ ነው ነገሩ የጀመረው።

የወንድሜ እርምጃ በስልኩ ይሰማኛል። ስራመድ ይራመዳል፤ ስቆም ይቆማል። ልምዳችን ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን እኔ ቆሜ... አንድ እርምጃ ተጨመረ።

"ጋሼ፣ አለፍክ እንዴ?"

"ኧረ ቆሜያለሁ።"

እሺ። የስልክ መዘግየት ይሆናል አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ፣ "እዚህ ደግሞ አዲስ ቀለም ይሸታል" አለ። "ማን ቀባው? መርከቧ ለእድሳት እየሄደች አይደል?"

ቀለም መሽተት የነበረበት እኔ ዘንድ ነው። አዲሷ መርከብ እኔ ያለሁባት ናት።

አየሩን ሳብ አደረግሁ... ምንም አይሸትም።

ወደ መሬት አየሁ። ገና እንግዳ ያልተሳፈረባት መርከብ ናት። ወለሉ ግን መሐሉ ላይ ተበልቷል። ለዓመታት ሰው የተመላለሰበት ይመስል።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሥራው እንዲያልቅ ነበር የፈለግሁት። እማዬ እየጠበቀች ነው።

ቀልዶ ቢያስቀኝ ብዬ ይመስለኛል... ወጥመድ ጣልኩለት።

"ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀጥሎ አረንጓዴ በር" አልኩ። "ክብ መስኮት ያለው።"

እንዲህ ያለ በር በሁለቱም ላይ የለም። እኔ ዘንድ እዚያ ቦታ ያለው ልሙጥ ግድግዳ ነው።

"አለ" አለ ወንድሜ።

ሳቅሁ። "ተያዝክ! ምሳ በአንተ ነው!"

"በምን ተያዝኩ?"

"ወጥመድ ነው ጋሼ። እንዲህ ያለ በር የለም።"



"አትቀልድ" አለኝ። "ፊቱ ቆሜያለሁ። እጀታውን ይዤዋለሁ... እርጥብ ነው።"

ወንድሜ ቀልደኛ ነው። ግን ሲቀልድ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ። ያን ጊዜ አልነበረም።

"ይህችን መርከብ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ዳብሻታለሁ" አለ ዝቅ ብሎ። "ይሄን በር አላውቀውም።"

"ተወውና ውጣ።"

"ቆይ... በመስኮቱ ሰው ይታያል።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ጀርባውን ሰጥቶኛል። ስልክ ጆሮው ላይ ነው። አንተ ነህ እንዴ?"

ለግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የቆምኩት።

ቀስ ብዬ ዞርኩ።

ነጭ ግድግዳ። ሌላ ምንም የለም።

"ዞርክ" አለ ወንድሜ በሹክሹክታ።



"ጋሼ፣ እኔ የማየው ግድግዳ ነው።"

"እያየኸኝ ነው እኮ። ለምን ትስቃለህ?"

"አልሳቅኩም!"

"እየሳቅህ ነው። አፍህ..."

አልጨረሰውም። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። የበር መቀርቀሪያ ድምፅ።

በስልኩ አልነበረም። ከግድግዳው ውስጥ ነው።

"ጋሼ! ውጣ! ተወውና ውጣ አልኩህ!"



ከዚያ ከስልኩ የደስታ ድምፅ መጣ። "እሺ፣ ወጣሁ ወጣሁ! ምን ያስጮህሃል? ና በል ውረድ፣ ወደቡ ላይ እንገናኝ።"

በደረጃው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ከመርከቧ ስወርድ ወንድሜ እውነትም ወደቡ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን ተሸክሟል። እጁን ያውለበልባል።

ሮጬ አቀፍኩት። የእንጨት ብናኝና የማጣበቂያ ሽታ... የራሱ ሽታ ነው። ትከሻው ያው የለመድኩት ሰፊ ትከሻ ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ እንዴት አስደነገጥከኝ!"

"ወጥመድ ጣዩ ራሱ ወጥመድ ገባ!" ብሎ ተንከተከተ። "ምሳው በአንተ ነው።"

እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ሳቅሁ።

ስልኩ እጄ ላይ ግሏል። አልዘጋሁትም ነበር። ልዘጋው ጆሮዬ አጠገብ ሳሳልፈው...

"ወንድሜ..." አለ ስልኩ በሹክሹክታ። "ከማን ጋር ነው የምትስቀው?"

አጠገቤ የቆመውን አየሁት። ሁለቱም እጆቹ ሻንጣው ላይ ናቸው።

"ጋሼ፣ ስልክህስ?"

"መተላለፊያው ላይ ጥዬው መጣሁ መሰለኝ። ተወው፣ አሮጌ ነው።"

ፈጥኜ ላለመፍረድ ሞከርኩ። ስልኩን ያነሳው ሌላ ሠራተኛ እየቀለደብኝ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ማስመሰል የሚችል ሞልቷል። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ማመሳከር።

ጥቂት ራቅ ብዬ በስልኩ ጠየቅሁ። "እማዬ በልጅነትህ ማን ትልህ ነበር?"

"ጭራሮ" አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። "ቀጭን ስለነበርኩ። ለምን ትጠይቀኛለህ? የት ነህ?"

ተመልሼ ወንድሜን ጠየቅሁት።

"ጭራሮ ነዋ!" አለ እየሳቀ። "ቀጭን ነበርኩ እኮ። ምን ሆነሃል ዛሬ?"

አባታችን በሞተ ቀን የት እንደተደበቅን ጠየቅሁ። ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም።

"ቁም ሳጥን ውስጥ" አለ ስልኩ።

"ቁም ሳጥን ውስጥ" አለ ወንድሜ። አሁን አልሳቀም። በእውነት ከፋው። "ይሄን ለምን ታነሳብኛለህ?"

ሥራዬ ልዩነት መፈለግ ነው። በሁለቱ መካከል ምንም አላገኘሁም።

የታላቋ ጡሩምባ ጮኸ። አሥር ሰዓት።

ወደ ታላቋ መወጣጫ ሮጥኩ። የመወጣጫው ኃላፊ ገመድ እየፈታ ነበር።

"አቁሙ! ታች ሰው ቀርቷል!"

"ማን ቀርቷል?"

"ወንድሜ! አናጺው!"

ሰውዬው ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አየ። "ያ ማን ሆኖ ነው? አሁን ተሰናብቶኝ ወረደ።" ራሱን ነቀነቀ። "ፀሐይ መትታሃለች ወዳጄ። ጥላ ሥር ግባ።"

መወጣጫው ተነሳ።

"ሞተሩ ተነሳ" አለ ስልኩ ጆሮዬ ላይ። "ወንድሜ፣ ተነሳች እኮ! የት ነህ? እኔ መተላለፊያው ላይ ነኝ። ነጭ ነው። ደረጃው ጋ መድረስ አልቻልኩም። እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ... ተመልሼ ማጠቢያው ክፍል ጋ እደርሳለሁ።"

"በሩን ፈልገው!" ብዬ ጮኽኩ። "አረንጓዴውን በር!"

እርምጃው ተሰማኝ። ግድግዳ ሲዳብስም ተሰማኝ፤ አናጺ እንጨት እንደሚፈትሽ፣ ኳ ኳ እያደረገ።

"የለም" አለኝ።

ታላቋ ከወደቡ ተላቀቀች። በመርከቧና በእኔ መካከል ያለው ውኃ እየሰፋ ሄደ።

አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሙቅ ነው። ከባድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እጅ ነው።

"እንሂድ" አለ ወንድሜ። "እማዬ ትጠብቃለች።"

ስልኩ ግን አልተዘጋም። መርከቧ እየራቀች፣ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል። ያለቅሳል። ወንድሜ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

"ንገራት..." አለ። "ለእማዬ ንገራት..."

ቀና ብዬ አጠገቤ የቆመውን አየሁት።

እሱ እኔን አያይም። የምትሄደውን መርከብ ያያል። ፊቱ ላይ ኀዘንም ደስታም የለም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አያወጣም፤ ቃል በቃል ይንቀሳቀሳል።

ስልኩ ላይ ያለው እንባ ያነቀው ድምፅ ቀጠለ። "...መምጣት ፈልጌ ነበር በላት።"

አጠገቤ ያለው ከንፈር ያንኑ አለ።

ከድምፁ በኋላ አይደለም። እኩልም አይደለም።

ትንሽ ቀደም ብሎ።