ለሜዳው የተሰጠ ጀርባ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም.፣ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ማምሻውን፣ በኖቲንግሃም አውራጃ በብራክንዌል የከሰል መንደር ሰማይ ላይ ጭስ አልነበረም፤ የጉድጓዱ ባለቤቶች ደመወዝ ቀንሰው የሥራ ሰዓት ሊጨምሩ ቢሉ ሠራተኛው እምቢ በማለቱ፣ በሩን ከዘጉበት አምስተኛው ወር ተጋምሶ ነበርና።

ሆኖም አቻ ለተጠናቀቀው የዋንጫ ጨዋታ ድጋሚ ግጥሚያ ሰዉ ለተራበው ሾርባ ከሚታደልበት ድንኳን በቀጥታ ወደ ሜዳው ይጎርፍ ነበር። ብራክንዌል ከታላላቆቹ ሊጎች ውጭ ያለ ትንሽ የእግር ኳስ ቡድን ነው፤ ቢሆንም ከሰል ቆፋሪው ኤኖክ ስቴፕልስ፣ ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድም የሜዳውን ጨዋታ አላመለጠውም።

በመንገድ ላይ የመንደሩ የሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ አሞስ ፍሊንት አገኘው።

«ኤኖክ ወንድሜ፣ ዛሬስ ቤትህ ብትቀመጥ ማንም አይፈርድብህም።»

«ለምን ብዬ?»

«ክላረንስን አሰልፈውታል።»

ክላረንስ የቡድኑ ግንባር ቀደም አጥቂ፣ የኤኖክም የልጁ ባል ነው፤ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በፖሊስ ታጅቦ ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል። ማኅበርተኞቹም አድማ ሰባሪ ተሰልፎ ሲጫወት ላያዩ፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሊሰጡ ተማምለዋል።

«ሰምቻለሁ» አለ ኤኖክ፤ «ከጨዋታ ቀርቼ አላውቅም፤ ከመሐላም ቀርቼ አላውቅም። ሁለቱንም ዛሬ አልጀምረውም።»

ፊሽካው ሲነፋ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በአንድነት ዞሩ፤ ኤኖክም በዘወትር ቦታው፣ በማዕዘኑ አጠገብ፣ የብረቱን አጥር ተደግፎ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች በሳቅ ፈነዱ።

«እናንተ ሰዎች! ኳሱ በዚህ በኩል ነው፤ መንገድ ጠፋባችሁ?»

«እናንተን ከማየት ባዶ መንገድ ማየት ይሻላል!» ሲል አሞስ መለሰላቸው።

ጥቂት እንደቆየ ሄቲ፣ የኤኖክ ልጅ፣ ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች፤ እሷ ሜዳውን ታያለች፣ እሱ እሷን።

«አባዬ፣ ኳሱ እሱ ጋ ነው።»

ኤኖክ ሕፃኗን ተመለከተ።

«አንዱን አለፈው። ሁለተኛውንም... ውይ፣ ለጥቂት!» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወደ ጉድጓዱ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ነበር። ምን ላድርግ?» አለችው።

«በመንደሩ ያለው ልጅ ሁሉ ተርቧል፣ ሄቲ።»

«እኔ የወለድኩት ይህችን ነው።»

ኤኖክ አልዞረም። ክላረንስ የመጀመሪያውን ግብ ሲያስቆጥር ሰዉ ጸጥ አለ፤ የተሰማው የዳኛው ፊሽካ ብቻ ነበር። ከዕረፍት በኋላ እንግዶቹ አቻ ሆኑ፤ ጨዋታውም ጠነከረ። በድንገት አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ተሰማ፤ ሄቲም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የኤኖክ ጣቶች በብረቱ ላይ ተጨበጡ። አንገቱ ሊዞር ቃጣው፤ ያዘው።

«ተነሣ?» አላት።

«አልተነሣም።»

«አሁንስ?»

«እ... ተነሣ። እያነከሰ ነው፤ ግን ተነሣ።»

ሽማግሌው በረዥሙ ተነፈሰ፤ ሕፃኗንም ከእጇ ተቀብሎ በኮቱ ውስጥ ሸፈናት። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንግዶቹ «ኧረግ!» ብለው አቃሰቱ።

«አገባ» አለች ሄቲ፤ እንባዋ ወረደ።

ሲያበቃ ክላረንስ በጭቃ እንደተለወሰ እያነከሰ ወደ አጥሩ ቀረበ። «እንደምን አመሹ፣ ሚስተር ስቴፕልስ» አለ፤ አባባ ማለቱን አልደፈረም።

ኤኖክ ሕፃኗን ለእናቷ መለሰ። «እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ እንዲዘፈዝፈው ንገሪው» አላትና ከአሞስ ጋር ሄደ፤ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ እንደ ወትሮው በጉድጓዱ በር ቆሞ ሥራ የሚገቡትን «ተመለሱ» ሲል ተገኘ።

ኅዳር ሲያልቅ ረኀብ አሸነፈ፤ ሠራተኛውም የባለቤቶቹን ውል ተቀብሎ ገባ። ኤኖክን ግን ማንም ዳግመኛ ለሥራ አልጠራውም። ክላረንስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ አውራጃ ሄደ፤ ኤኖክም ለልጁ እየጻፈ፣ ባሏን ግን በስሙ ሳያነሣ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ሞተ።

የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ስለ ግጥሚያው የጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለት ለአንድ ማለቁንና የአግቢውን ስም። ሁለት መቶ ሰዎች የሚወዱትን ነገር ሳያዩት አብረውት እንደቆሙ የመዘገበ የለም። ሄቲ ካረጀች በኋላ የልጅ ልጆቿ ስለዚያች የመጨረሻ ግብ አጥብቀው ቢጠይቋት፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ተናገረች፤ እሷም አላየቻትም፤ በዚያች ቅጽበት የአባቷን ፊት እያየች ነበር።